አደን (በካፋ)

በካፋ ዞን፣ በተለይም በቦንጋ ዙሪያ ባሉ ደኖች የኖረ ሥራ። ስሙ ከሁሉ በላይ የሚያያዘው ማንጆ ከሚባሉት የካፋ ማኅበረሰብ ክፍሎች ጋር ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን የአገሩን በሮች የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው ግን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር፤ ይህ መገለል ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

አደኑ የጋራ ነው። መረብ በጫካው ውስጥ ይዘረጋል፣ ውሾች አውሬውን እያባረሩ ወደዚያ ይነዱታል፣ መረቡ ውስጥ ሲጠላለፍ በጦር ይወጋል። ወጥመድም ይጠመዳል።

ዛሬ ግን ከመሣሪያው የሚቀድመው ጥያቄ ማን ያድናል የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ደኑም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ሕጉ ደኑን ለመጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የፈቃድ ሥርዓቱ ይበልጥ የሚመቸው ከፍሎ ለሚያድን የውጭ እንግዳ እንጂ አሳማና ጃርት ማሳውን ለሚያወድሙበት ገበሬ አይደለም።