አገው ምድርን በሰነድ ክምር ውስጥ መፈለግ

የአገው ምድርን ታሪክ የሚያጠና ሰው የሚቸገረው በሰነድ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ያለውን ፈልጎ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የብራና ጽሑፉ፣ የአውራጃው ደብዳቤና የመንገደኛው መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ የፍለጋ ሞተሩ ሙሉውን ጽሑፍ አስሶ የተጠየቀውን ቃል ያወጣል። ተመራማሪው ግን «ከዚህ ቦታና ከዚህ ዘመን ያለውን ብቻ» ማለቱ አይቀርም። ይህን የሚለየው ማጣሪያው ነው። የማጣሪያው ፍጥነትም ሆነ ታማኝነት የሚወሰነው ሰነዱ በሚመዘገብበት ጊዜ እንደሆነ የዚሁ አካባቢ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

የማጣራት ዘዴው ከኮምፒውተር ይቀድማል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ባተን የፈጠራ መብት ሰነዶችን ለመለየት ለእያንዳንዱ ርእሰ ጉዳይ አንድ ካርድ መደበ። በካርዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቦታ የአንድ ሰነድ ቁጥር ነው፤ ሰነዱ ርእሱን የሚመለከት ከሆነ ቦታው ይበሳል። ሁለት ሦስት ካርድ ተደራርቦ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብርሃን የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች መልሱን ይሰጣሉ። ዳግ ከቲንግ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሉሲን፣ በእርሱም ላይ የተገነቡት ሶልርና ኢላስቲክሰርች በመሠረቱ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ቀዳዳው አንድ፣ ያልተበሳው ዜሮ ይሆናል። የማጣሪያ መልስ «አዎ» ወይም «አይደለም» ስለሆነ ለሰነዶቹ ነጥብ መስጠት አያሻም፤ አንዴ የተዘጋጀው ዝርዝርም ተቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያገለግላል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ካርዱ በትክክል ከተበሳ ነው።

በአገው ምድር ደግሞ በትክክል መብሳት ቀላል አይደለም። መንገደኛው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይ ሲደርስ የረገጠው የአገዎችን አገር ነበር፤ ዛሬ ግሽ ዓባይ ያለበት ሰከላ በምዕራብ ጎጃም ዞን ውስጥ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አካባቢው በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የአገው ምድር አውራጃ ይባል ነበር፤ የአዊ ዞን የመጣው በ1983 ዓ.ም. ከሆነው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። የዞኑ ከተማ እንጅባራ ኮሶበርም ይባላል፤ አንዱ «ዳንግላ» ሲል ሌላው «ዳንጊላ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ «አዊ ዞን» በሚለው ስም ብቻ የሚያጣራ ሞተር የብሩስን መጽሐፍ፣ የአውራጃውን ደብዳቤዎችና በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን ሁሉ ይጥላል። ነጥብ የሚሰጥ ፍለጋ ሲሳሳት ሰነዱን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ማጣሪያ ሲሳሳት ግን ጨርሶ ያጠፋዋል። ስሞቹን ሁሉ በየጥያቄው አንድ በአንድ ማሰስ ይቻላል፤ ሞተሩን የሚያዘገየውም ይኸው ነው። ለቦታው አንድ መለያ ሰጥቶ ስሞቹን በምዝገባ ጊዜ ከእሱ ጋር ማያያዝ ስሕተቱንም መዘግየቱንም ያስቀራል።

የዘመኑም ነገር ከዚህ አይለይም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1939/40፣ ማለትም የጣልያን ወረራ ዘመን ነው። የቺስማን መጽሐፍ የታተመው ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሮቹን እንዳሉ ያከማቸ ማውጫ «ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ.» ተብሎ ሲጠየቅ በወረራው ዘመን የተቋቋመውን ማኅበር ከወረራው በፊት ያደርገውና ከመልሱ ያስወጣዋል። በየጥያቄው ዓመቱን እየለወጡ ማመሳከርም ሰነዱ በበዛ ቁጥር ይከብዳል። አንዴ ተለውጦ የተመዘገበ ዓመት ግን በቅደም ተከተል ስለሚቀመጥ ሞተሩ የሚፈልገውን ክፍል በቀጥታ ያገኘዋል።

ማሽኖች እጅግ ስለፈጠኑ ይህ ልፋት አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ፈጣን ማሽን የጎደለውን መልስ ቶሎ ያመጣው ይሆናል እንጂ አይሞላውም። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ስሞችን በአንድ መለያ መጠቅለል ታሪክን ያደበዝዛል የሚለው። እውነት አለው። ግሽ ዓባይ ዛሬ በአዊ ዞን ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ትናንት አገው ምድር አልነበረም ማለትም እንዲሁ። መፍትሔው የሰነዱን ጽሑፍ ሳይነኩ ሁለት መለያ መስጠት ነው፦ አንዱ ለዘመኑ አስተዳደር፣ አንዱ ለዛሬው። ለሞተሩ ይህ የአንድ ተጨማሪ ዝርዝር ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለተመራማሪው ግን የሁለት መቶ ዓመት ሰነድ ነው። ስለዚህ የጎጃምን መዛግብት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ተቋም ከአዲስ ማሽን በፊት አገሩን፣ ስሞቹንና ዘመን አቆጣጠሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ መዝጋቢ ሊቀጥር ይገባል።