የቤዝ ጊታር ትምህርት ታሪክ፤ ከሸክላ እስከ ቪዲዮ

ቤዝ ጊታር ከሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል በዕድሜው ታናሽ ነው። ክራርና በገና ከመቼ ጀምሮ እንደ ነበሩ ቆጥሮ መናገር ያስቸግራል፤ ቫዮሊንም ቢሆን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ቤዝ ጊታር ግን ለገበያ የወጣበት ዓመትና ከተማ ተለይቶ የሚታወቅ፣ አያቶቻችን ልጆች ሳሉ ገና አዲስ የነበረ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ዕድሜ ያለው መሣሪያ እንዴት አድርጎ በዓለም ሁሉ ሊዳረስ ቻለ? አስተማሪዎቹስ እነማን ነበሩ? እኛ የሙዚቃ ክበብ አባሎች ለዘንድሮው የበዓል መጽሔት ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በክበባችን አንድ ቤዝ ጊታር አለ፤ ይመታው የነበረው ተማሪ ግን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሄዷል፤ የሚያስተምረን ሰውም በአጠገባችን የለም። ስለዚህ መሣሪያውን የምንማረው በኢንተርኔት ከሚገኙት የቪዲዮ ትምህርቶች ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ቀድሞ በኦርኬስትራም ሆነ በጃዝ ባንድ ውስጥ የወፍራሙን ድምፅ ሥራ የሚሠራው ኮንትራባስ ነበር። ኮንትራባስ ቆሞ የሚመታ፣ ቁመቱም ከሰው ቁመት የሚስተካከል መሣሪያ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ለሚጫወት ባንድ እሱን ማጓጓዝ ራሱን የቻለ መከራ ነበር፤ መለከትና ድራም በሚነፋበትና በሚመታበት አዳራሽ ደግሞ ድምፁ ይዋጣል። ከዚህም በላይ በአንገቱ ላይ የጣትን ቦታ የሚያመለክት ምንም ነገር ስለሌለ ጣት ጥቂት ቢስት ዜማው ይበላሻል። ይህን ችግር ለማስወገድ በ1930ዎቹ አጋማሽ ፖል ተትማርክ የተባለ የሲያትል ከተማ ሙዚቀኛ እንደ ጊታር ተይዞ የሚመታ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር። ዳሩ ግን የገዛው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ተረሳ።

በ1951 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሚኖረው ሊዮ ፌንደር የሠራው ግን አልተረሳም። ሊዮ ፌንደር የራዲዮ ጠጋኝ ነበር እንጂ ጊታር መቺ አልነበረም፤ እንዲያውም የሠራቸውን ጊታሮች መምታት አያውቅም ነበር። በጊታሩ አንገት ላይ የጣትን ቦታ የሚወስኑ ቀጫጭን ብረቶች ተከለበት፤ ከክሮቹም ሥር የክርን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔት አኖረ። የሚረገበገበው የክር ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ስሙንም «ፕሪሲዥን ቤዝ» አለው፤ ፕሪሲዥን ማለት ልክነት ማለት ነው። በብረቶቹ መካከል ጣቱን ያሳረፈ ሁሉ ድምፁን በልኩ ያገኛልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በ1951 ዓ.ም. በመላው ዓለም አንድም የቤዝ ጊታር መምህር አልነበረም። መሣሪያውን የያዙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወይ ኮንትራባስ መቺዎች ወይ ጊታር መቺዎች ነበሩ፤ ሁሉም ከቀድሞ እጃቸው የተረፈውን እያመጡ ለአዲሱ መሣሪያ አበደሩት። ከእነዚህ አንዱ በላዮኔል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ውስጥ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ቤዝ ጊታር ይዞ የተዘዋወረው ሞንክ ሞንትጎመሪ ነው። እሱን ያየ ሙዚቀኛ «ይህ ነገር ይቻላል ማለት ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ትምህርቱ በዚያን ጊዜ ከዚህ አያልፍም ነበር።

የሁለቱን ታላላቅ መቺዎች ነገር ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንጽፍ አንባቢ አይቀየመንም ብለን እናምናለን። ጄምስ ጄመርሰን በ1936 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና ተወለደ፤ በ1954 ዓ.ም. ከእናቱ ጋር ወደ ዲትሮይት ከተማ መጣ። በዚያም ኖርዝዌስተርን በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ኮንትራባስ መማር ጀመረ። ኋላ የሞታውን ሸክላ ኩባንያ ሙዚቀኛ ሆኖ ወደ ቤዝ ጊታር ሲዞር በኮንትራባስ የለመደውን ይዞ መጣ፤ ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ ዓለም የጨፈረባቸው እጅግ ብዙ የሞታውን ዘፈኖች በዚህች አንዲት ጣት የተመቱ ናቸው። የሆነ ሆኖ እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ በሸክላው ሽፋን ላይ ስሙ አይጻፍም ነበር። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ሸክላውን እየደጋገሙ ከእሱ ሲማሩ መምህራቸው ማን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. ሞተ፤ አመታቱን በኖታ የጻፈለት መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው። ይህ ለእኛ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ሁለተኛይቱ ካሮል ኬይ ናት። በ1935 ዓ.ም. ተወልዳ ገና በልጅነቷ ጊታር ታስተምር ነበር። በ1963 ዓ.ም. በሆሊውድ ከተማ ለቀረጻ በተጠራችበት ቀን ቤዝ መቺው ሳይመጣ ቀረ፤ እሷም መሣሪያውን አንሥታ መታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች በብዛት ከሚፈለጉት ቤዝ መቺዎች አንዷ ሆነች። በ1969 ዓ.ም. ለጀማሪዎች የሚሆን የቤዝ ጊታር መማሪያ መጽሐፍ አሳተመች። መሣሪያው ከተወለደ በዐሥራ ስምንተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ለመሆኑ የማስተማር ሥራ ከማን ይጀምራል ቢሉ፣ እንዲህ ድንገት ተምሮ ከተገኘ ሰው ይመስለናል።

መጽሐፍ ያላገኘ ወጣት ግን የሚማረው ከሸክላ ነበር። መርፌውን አንሥቶ እየመለሰ አንዲቱን ሐረግ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይሰማል። ፍጥነቱ ሲያስቸግረው ሸክላውን በዝግታ ያስኬደዋል፤ ዳሩ ግን ሸክላ ሲዘገይ ድምፁም አብሮ ይወፍራል። በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው በ16 ቢዞር የቤዙ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ወደ ጉርምርምታ ይለወጣል። ዛሬ ቪዲዮን በግማሽ ፍጥነት ስናየው ድምፁ በቦታው ይቆያል፤ ይህ ለቤዝ ተማሪ የተደረገ ትልቅ ውለታ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሃፒ ትራውም የተባለ አሜሪካዊ ጊታር መቺ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ትምህርትን በቴፕ እየቀዳ በፖስታ መላክ ጀመረ። ይህ የመምህርን ድምፅ ወደ ተማሪ ቤት ያስገባ ሥራ ነው። የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ ሲገባ ደግሞ እጁም ይታይ ጀመር። በ1985 ዓ.ም. ጃኮ ፓስቶሪየስ የሰጠው የቪዲዮ ትምህርት እስከ ዛሬ ይታያል፤ ጃኮ የተወለደው ፕሪሲዥን ቤዝ በወጣበት በ1951 ዓ.ም. ነበር፤ ካሴቱ ከተቀረጸ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ዩቲዩብ በ2005 ዓ.ም. ተከፈተ። ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አንድ ተራ ሰው የሚያወጣው ቪዲዮ ከዐሥር ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለ ነበር የዚያን ዘመን ትምህርቶች «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እየተባሉ ተቆራርጠው ይገኛሉ። እኛ ከረጅሞቹ ይልቅ እነዚህን አጫጭሮቹን እንወዳቸዋለን፤ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ያለው መምህር ስለ ራሱ አያወራም።

እንግዲህ መምህሩ ከሸክላ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ እየቀረበ መጣ። አሁን ፊቱን እናያለን፣ ጣቶቹን እንቆጥራለን፣ እናስቆመዋለን፣ እንመልሰዋለን። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ወደ ተማሪው ያልተላከ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመምህሩ ጆሮ ነው። በቪዲዮው መጨረሻ መምህሩ ፈገግ ብሎ «በጣም ጥሩ ነው! ወደሚቀጥለው እንሂድ» ይላል። ማንን ሰምቶ ነው? በክበባችን ይህ ንግግር መቀለጃ ሆኗል፤ ጊታሩ ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ እንኳ «በጣም ጥሩ ነው!» እንባባላለን።

ቤዝ ጊታር ይህ ጉድለት ከሌሎች መሣሪያዎች ይልቅ ይብስበታል፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወፍራሙ ክር ሚ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። ይህን ያህል ወፍራም ድምፅ የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሊያወጣው አይችልም። የምንሰማው ከእሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው፤ ጆሮም የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ በስልክ ብቻ የሚማር ሰው መምህሩ የሚያስተምረውን ነገር በሙሉ ሳይሰማው ሊማረው ይሞክራል። እኛ ስልኩን በሽቦ ከክፍሉ ትልቅ ማጉያ ጋር ስናያይዘው ቀድሞ ቀላል የመሰለን ዘፈን ሌላ ዘፈን ሆነ፤ ወለሉም ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት የሆነው የሒሳብ ክፍል ስለ ታገሠን እናመሰግናለን።

ሁለተኛው ምክንያት ዝምታ ነው። ጀማሪ ቤዝ መምታት ማለት ክር ማሰማት ይመስለዋል፤ ከሥራው ግማሹ ግን ክርን ዝም ማሰኘት ነው። አንዱ ክር ሲመታ የቀሩት ሦስቱ በራሳቸው ይርገበገባሉ። እነሱን በቀኝ እጅ አውራ ጣትና በግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ቀስ ብሎ መንካት ያስፈልጋል። ይህ መንካት በቪዲዮ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው የሚመታው ጣት ነው፤ የሚነካው ጣት ሥራ የፈታ ይመስላል። የሚመታው ተማሪም ቢሆን ሐሳቡ በሚመታው ክር ላይ ስለሆነ የቀሩትን ጉምጉምታ አይሰማም። የሚሰማው አጠገቡ የተቀመጠው ነው።

ከዚህ የተነሣ ክበባችን አንድ ሥርዓት አወጣ። ጊታሩ አንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚመታው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰዎች ግን ከጎኑ ይቀመጣሉ። አንዱ ቪዲዮውን እያስቆመ የመምህሩን እጅ ከጓደኛው እጅ ጋር ያስተያያል፤ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማል ብቻ። ሰሚው እንዳያይ የተከለከለበት ምክንያት ዓይን ጆሮን ስለሚያታልል ነው፤ ጣት በትክክለኛው ቦታ ሲያርፍ ያየ ሰው ድምፁም ትክክል የሆነ ይመስለዋል። ሰሚው «ላ ገና አልጠፋችም» ወይም «ከድራሙ ቀድመሃል» ይላል። መጀመሪያ ይህን ተራ የሚወድ አልነበረም፤ አሁን ግን በሰሚነት ብዙ የቆዩት ጊታሩን ሲይዙ ፈጥነው እንደሚለምዱ ስላየን ተራው ይጠየቃል።

በአገራችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ የሚማር ተማሪ የዜማው ምልክት በብራናው ላይ ተጽፎለት ሳለ ከመሪጌታው ፊት ተቀምጦ ያዜማል፤ መሪጌታውም ይሰማዋል፤ ከፍ ያለው ተማሪም ታናሹን ያስጠናዋል። ጽሑፉ የሚያስታውስ ነው እንጂ የሚሰማ አይደለም። ቪዲዮም ለእኛ እንደዚሁ ነው፤ ምልክቱን ከእሱ እናገኛለን፤ ማስጠናቱን እርስ በርሳችን እናደርገዋለን።

ቤዝ ጊታር ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ በአገራችን ዘፈን ውስጥ የያዘው ቦታ ቀላል አይደለም። በ1970ዎቹ የአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ መቺ የነበረውን ጆቫኒ ሪኮን የዚያን ዘመን ካሴት ያለው ወላጅ ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ፣ ሰምቶታል። የምንከተላቸው የቪዲዮ ትምህርቶች ግን መልመጃቸው በአውሮፓውያን ስልት የተዘጋጀ ነው፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን አይጠቅሱም። ስለዚህ መልመጃውን ራሳችን ማዘጋጀት ጀመርን፤ ስንጀምርም አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘን። ትዝታ ሜጀርን ከሶል ብንነሣ ድምፆቹ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ። የቤዝ ጊታር አራቱ ክሮች ጣት ሳይነካቸው የሚሰጡት ድምፅ ደግሞ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ነው። አራቱም በትዝታው ውስጥ ናቸው፤ ጣት የሚያስፈልጋት ሲ ብቻ ናት፤ እሷም በላ ክር ላይ ሁለተኛው ብረት ዘንድ ትገኛለች። የአንድ ሳምንት ጀማሪ በአንዲት ጣት የትዝታን አምስት ድምፆች ሊያሰማ ይችላል ማለት ነው። ይህን መልመጃ አሁን ለአዲስ አባል ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንሰጠዋለን።

በበዓሉ ቀን የትምህርት ቤቱ ባንድ ሦስት ዘፈኖች ያቀርባል፤ በሁለቱ ቤዝ ይኖራል፤ ሦስተኛው ገና አልደረሰም። ከቀድሞ ተማሪዎችና ከወላጆች መካከል ቤዝ ጊታር ወይም ኮንትራባስ መትተው የሚያውቁ ቢኖሩ መጥተው እንዲሰሙን በአክብሮት እንለምናለን። መሣሪያ ይዘው መምጣት አያስፈልጋቸውም። ክበቡ የሚሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው።