ከቀለበት ወደ ብራኬት፦ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦና የጥርስና የድድ ጤና ታሪክ

ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ጠማማ ጥርስን የሚያቀና፣ የጥርስን ረድፍ ተከትሎ የሚቀመጥ ስስ የብረት ዝርግ ገልጿል። ዝርጉ ከጥርሶቹ ጋር በክር ይታሰርና ጥርሱ ቀስ በቀስ ወደ ረድፉ ይሳባል። ይኸው ሐኪም፣ ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት በአጉሊ መነጽር መርምሮ ትሉን ሊያገኘው እንዳልቻለ ጽፏል፤ ይህ እምነት በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ጥርስን ማቅናትና ጥርስን ከመበስበስ መጠበቅ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቢገናኙም፣ ማቅኛው ራሱ ለመበስበስ ምክንያት ሊሆን መቻሉ በወጉ የተጠናው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርስን የማስተካከል ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። የጥርስ አገጣጠም ጉድለቶችን በ1899 በሦስት መደብ ከፈለ፤ በ1928 ይፋ ያደረገው አራት ማዕዘን ሽቦና ሽቦውን የሚቀበለው ባለ ጎድጓዳ መያዣም ዛሬ ለምንጠቀምባቸው ብሬሶች መሠረት ሆኗል። በአንግል ዘመን መያዣው የሚጠበቀው በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ እንደ ቀለበት በተጠመጠመ ብረት ሲሆን፣ ቀለበቱም በሲሚንቶ ይጣበቅ ነበር። ጥርስን በማንቀሳቀስ ረገድ ዘዴው እጅግ የተዋጣለት ነበር። ሲሚንቶው ቀስ በቀስ ሲሟሟ ወይም ሲሰነጠቅ ግን በቀለበቱና በጥርሱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት የገባውን ምግብና ባክቴሪያ ቡሩሽ አይደርስበትም። የቀለበቱ ጠርዝ ወደ ድድ የሚጠጋ በመሆኑ ድድም ይቆጣል። የተበላሸው ኢናሜል የሚታየው ብዙ ጊዜ ቀለበቱ ከወለቀ በኋላ ነበር።

የጉዳቱ መንገድ የታወቀው ግን ቀደም ብሎ ነው። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች አብላልተው በሚያመነጩት አሲድ ኢናሜል እንደሚሟሟ አስረድቷል። ስለ ድድ የመጣው ማስረጃ ዘገየ። በ1965 ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ በዴንማርክ ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ፤ ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳቱን ሲቀጥሉም ተመልሶ ዳነ። የድድ ብግነት መነሻው ፕላክ የሚባለው የባክቴሪያ ሽፋን መሆኑ ከዚያ ወዲህ ብዙም አላከራከረም።

ቀለበቱን ከፊት ጥርሶች ያስወገደው ግኝት የመጣው ከኢንዱስትሪ ነው። ቀለም በብረት ላይ እንዲይዝ ብረቱን አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ ማጠብ የተለመደ አሠራር ነበርና፣ አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮሬ ያንኑ በጥርስ ላይ ሞከረው። በ1955 እንዳስነበበው፣ ኢናሜል ለ30 ሰከንድ 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ሲቀባ ገጹ ሻካራ ሆኖ አክሪሊክን አጥብቆ ይይዛል። በ1965 ጆርጅ ኒውማን ብራኬትን በቀጥታ በጥርስ ላይ ስለማጣበቅ ጻፈ፤ በ1970ዎቹም ዘዴው ተስፋፋ። ጥርሱ አልተሸፈነም፣ ጠርዙም ከድዱ ራቀ፤ ስለዚህ የመበስበሱ ችግር አብሮ ይወገዳል ተብሎ ቢጠበቅ አያስደንቅም።

ነገሩ የታሰበውን ያህል ቀላል አልሆነም። በኖርዌይ የዛክሪሰን ባልና ሚስት በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ አፋቸውን በሚገባ በሚያጸዱ ልጆች ላይ እንኳ ብሬሱ በገባ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ድዳቸው በመጠኑ እንደሚቆጣና እንደሚያብጥ፣ ሽቦው ሲወጣም አብዛኛው እንደሚሻል አሳዩ። ይበልጥ ያስደነገጠው በ1982 ጎርሊክ፣ ጋይገርና ግዊኔት በአሜሪካ ያወጡት ቆጠራ ነው። ሕክምናውን ከጨረሱት ግማሽ ያህሉ ነጭ ምልክት፣ ማለትም የኢናሜል ማዕድን መሟጠጥ የመጀመሪያ ገጽታ ተገኘባቸው፤ ካልታከሙት ግን የተገኘባቸው 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሁሉ የተጎዱት የላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ነበሩ። በአንጻሩ በታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ምራቅ ሁልጊዜ በሚያጥበው ስፍራ፣ ለረጅም ጊዜ በተጣበቀ ሽቦ ዙሪያ አንድም ነጭ ምልክት አልተገኘም። ይህ ትንሽ ዝርዝር ከመቶኛው ይልቅ ብዙ ያስተምራል፤ የሚጎዳው ሽቦው ሳይሆን፣ ሽቦው አቅፎ የሚያቆየውና ምራቅ የማያጥበው ፕላክ ነውና።

ጊዜውም አጭር ነው። በ1988 የኖርዌዩ ኦጎር እና ባልደረቦቹ ነጭ ምልክት በአራት ሳምንት ውስጥ ለዓይን ሊታይ እንደሚችል አስታወቁ፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቀጠሮና በሚቀጥለው መካከል ካለው ጊዜ የሚበልጥ አይደለም። ኦራይሊ እና ፌዘርስቶን በ1987 ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከ0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ የዕለት መጉመጥመጫ ጋር የማዕድኑን መሟጠጥ ሊገታ እንደሚችል አሳዩ። መድኃኒቱ ተገኘ፤ በኋላ በተደረገ ክትትል ግን በታዘዘው መሠረት በየቀኑ የተጉመጠመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ለታካሚ መመሪያ መስጠትና ታካሚው መመሪያውን መፈጸሙ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ሁለት ነገሮችን ይነካል። አንደኛው መፋቂያ ነው። የጥርስን ገጽ በሚገባ ያጸዳል፤ ነገር ግን በሽቦው ሥርና በብራኬቱና በድዱ መካከል ባለችው ጠባብ ስፍራ ለመግባት ያዳግተዋል፤ የጥርስ ሳሙናን ፍሎራይድም አይተካም። ብሬስ ያደረገ ሰው መፋቂያውን ባይተው እንኳ ለስላሳ ቡሩሽና በሽቦው ሥር የሚያልፍ ትንሽ ቡሩሽ ሊጨምርበት ይገባል።

ሁለተኛው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው። በመጠጥ ውሃው ፍሎራይድ የበዛባቸው አካባቢዎች ተወላጆች ጥርስ ብዙ ጊዜ በፍሎሮሲስ ተዥጎርጉሯል። እንዲህ ያለው ኢናሜል በአሲድ በቀላሉ ስለማይሻክር ብራኬት አጥብቆ ላይይዝ ይችላል። ፍሎሮሲስ የሚፈጠረው ኢናሜል በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ስለሆነ፣ ጥርሱ የበቀለለት የ13 ዓመት ታካሚ በዚህ ስጋት የፍሎራይድ ሳሙና ሊከለከል አይገባም። ሁለቱን ነጭ ምልክቶች መለየትም ያስፈልጋል። የፍሎሮሲሱ በግራና በቀኝ ጥርሶች ተመሳስሎ፣ ጥርሱ ከበቀለ ጀምሮ ይታያል፤ የማዕድን መሟጠጡ ግን በድዱ ጠርዝና በብራኬቱ ዙሪያ ተወስኖ፣ ጥርሱ በአየር ሲደርቅ እንደ ኖራ የደበዘዘ ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱ አስተማማኝ የሚሆነው የእያንዳንዱ ጥርስ መልክ ብራኬቱ ከመጣበቁ በፊት በታካሚው ካርድ ላይ ከሰፈረ ነው።