ርኅራኄ ከማየት ይጀምራል፤ ከህንድ ተነሥቶ ወደ ግዕዝ የደረሰ አንድ ታሪክ

አዲጋላ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ውስጥ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መሥመር ላይ የምትገኝ የበረሐ ከተማ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የህንድን ጨርቅ በግመል ጭኖ ይህን ቆላ ያቋርጥ ነበር። ከህንድ የመጣልን ግን ሸቀጥ ብቻ አይደለም። በሌላ መንገድ፣ በመጻሕፍት በኩል፣ ስለ ርኅራኄ የሚናገር አንድ ታላቅ ታሪክም ደርሶናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ንጉሥ ልጁ ኀዘንን እንዳያውቅ ብሎ በቤተ መንግሥት አጥር ውስጥ ያሳድገዋል። ልዑሉ ግን አንድ ቀን ወጣ ብሎ ሕመምተኛውንና ሽማግሌውን ያያል፤ ሞት መኖሩንም ይረዳል። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ደስታ አያረካውም። ይህ የጎተማ ቡድሃ ገድል ነው። ትረካው ከፋርስ አገር ወደ ዓረብኛ፣ ከዚያም ወደ ጆርጅያና ወደ ግሪክ ቋንቋ ሲሻገር የክርስቲያን መልክ ያዘ። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የማዕረግ ስምም በየቋንቋው እየተለወጠ በግዕዝ «ይዋስፍ» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት፣ የመን ተወልደው በኋላ የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም ናቸው። ከግራኝ ጦርነት ፍጻሜ በኋላ ገና ዐሥር ዓመት መሆኑ ነው።

የታሪኩ ምንጭ በሆነው አገር ርኅራኄ ምን ማለት ነበር? ከሂንዱ ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ የሆነው ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ፣ ፈጣሪ ለልጆቹ «ዳ» የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ እንደ ነገራቸው ያወሳል። አማልክት ራስን መግዛት፣ ሰዎች መስጠት፣ ኃይለኞቹ አጋንንት ደግሞ መራራት ማለት መሆኑን ተረዱ። ስለሆነም የርኅራኄ ትእዛዝ የተሰጠው ጉልበት ላለው ነው። በቡድሃ ትምህርት «ካሩና» የሌላው ሥቃይ እንዲወገድ መሻት ሲሆን፣ ለሌላው ደኅንነትን ከመመኘት ከ«ሜታ» ይለያል። በአምስተኛው መቶ ዓመት በሲሎን ይኖር የነበረው ሊቅ ቡድሃጎሳ፣ የካሩና ሩቅ ጠላት ጭካኔ፣ ቅርብ ጠላቷ ግን ኀዘን መሆኑን አስተምሯል። ኀዘን ርኅራኄን ይመስላል፤ ሆኖም ሰውን በራሱ ስሜት ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል።

ይህ ማስጠንቀቂያ እኛንም ይመለከታል። በአማርኛ የተጎዳ ሰው ስናይ «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ ርኅራኄን በሆድ ዕቃችን ውስጥ አስቀምጠነዋል። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንጀት መበላቱ ብቻ ለተጎዳው ምን ይጠቅመዋል? ይዋስፍ ባየው ነገር አዝኖ አልቀረም፤ ዙፋኑን ትቶ ወደ በረሐ ከመውጣቱ በፊት ሀብቱን ለድኆች አከፋፍሏል።

የአዲጋላ አካባቢ ነዋሪዎች ርኅራኄን በሶማልኛ «ናሐሪስ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኤል ኒኞ ሳቢያ የደረሰው ድርቅ የሲቲን አርብቶ አደር ክፉኛ ሲመታና እንስሳቱ ሲያልቁ፣ ቃሉ በተግባር የሚፈተንበት ጊዜ ነበር። በዚህ መሥመር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ በመስኮቱ አሻግሮ ያን ቆላ ያያል። መስኮቱም እንደ ንጉሡ አጥር መጋረድ ይችላል።

እኛም በሙያችን ከጠረጴዛችን ማዶ የሚቆመውን ባለጉዳይ በየቀኑ እናያለን። የልዑሉ ታሪክ የሚጠይቀን አዝነን እንደ ሆነ አይደለም፤ ካየን በኋላ ምን እንዳደረግን ነው።