ምስማር ያላየ ሐመር

ከዞብል ተራራ ግርጌ ወደ ምዕራብ እስከ ደጋው ገደል በተዘረጋው በቆቦ ሜዳ ላይ ለሚያድግ ልጅ፣ ባሕር ማለት በመጽሐፍ የሚነበብ፣ በቅዳሴ የሚሰማ ስም እንጂ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ከደጋው የሚወርዱት እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች እንኳ ሜዳውን አጠጥተው ወደ ምሥራቅ ካለፉ በኋላ በአፋር በረሓ ውስጥ ሰርገው ይቀራሉ እንጂ ከባሕር አይደርሱም። የራያ ቈላ ገበሬ የሚያውቀው ማዕበል ማሽላው ሲያሸት ነፋስ የሚያስነሣውን ነው። ስለዚህ ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ስለ ጥንታዊ መርከብ ንድፍ መጠየቅ ለሰሚው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንደምሞክረው፣ የጠፋው ንድፍ አንድ ቁራጭ በየማለዳው በበሬ ጫንቃ ላይ ይታሰራል።

ዛሬ ፍርስራሿ በኤርትራ ምድር፣ በዙላ ሰላጤ አጠገብ የሚገኘው አዱሊስ የአክሱም ነገሥታት ወደ ዓለም የሚወጡባት ደጅ ነበረች። በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በግብፅ ይኖር የነበረ አንድ የግሪክ ነጋዴ በጻፈው፣ «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በሚባለው የወደቦች መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ የ3 ቀን፣ ከዚያም እስከ አክሱም የ5 ቀን መንገድ እንደሆነ፣ የዝሆን ጥርስም ከመካከለኛው አገር በዚሁ ፍኖት ወደ ባሕር እንደሚወርድ ተመዝግቧል። ሸቀጡ ተቈጥሯል፣ መንገዱም ተለክቷል፤ ያን ሁሉ ሸክም ተቀብሎ ባሕሩን የሚሻገረው ሐመር፣ ማለት መርከብ፣ ግን በምን መልክ ተጸርቦ፣ በምን ተያይዞ ይሠራ ነበር? ንድፉስ ወዴት አለ?

ንድፍ ስንል በወረቀት የተሣለ መስመር ብቻ የሚመስለን ከሆነ ፍለጋችን ገና ሳይጀመር ያበቃል። መርከብን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሥሎ በዚያ መሠረት መሥራት በአውሮጳ እንኳ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ ልማድ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ንድፍ በቃልና በክንድ ይሰጥ ነበር። ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ኖኅ መርከብ ሲናገር ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50 ክንድ፣ ቁመቷ 30 ክንድ እንዲሆን፣ ሦስት ደርብ እንዲኖራት፣ በውስጥና በውጭም ቅጥራን እንድትቀባ የሚያዝዘው ያለ አንዲት ሥዕል ነው፤ የአገራችን ሠዓልያንም መርከቢቱን በብራና ላይ የሣሉት ይህን ቃል አንብበው እንጂ ሌላ ንድፍ ተመልክተው አይደለም። እንግዲህ የእኛንም መርከብ ንድፍ የሚሻ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ቃልንና እጅን ነው።

ከቃል ምስክሮች የበለጠው የመጣው በአክሱሙ ንጉሥ በዐፄ ካሌብ ዘመን ነው። በ523 በአውሮጳውያን አቈጣጠር፣ በቀይ ባሕር ማዶ ያለችው የናግራን ክርስቲያኖች በሒምያር ንጉሥ ትእዛዝ ሰማዕትነት ከተቀበሉ በኋላ፣ ዐፄ ካሌብ በ525 ገደማ ሠራዊቱን ይዞ ባሕሩን ተሻገረ። ከእነርሱ መካከል ስለነበረው ሰማዕት ስለ ሒሩት የተጻፈው የግሪክ ገድል እንደሚነግረን፣ ከአይላ፣ ከቁልዝም፣ ከፈረሳንና ከሌሎችም ወደቦች የመጡ 60 የነጋዴ መርከቦች በአዱሊስ መርሶ በገበዛ ተሰበሰቡ፤ ንጉሡም ሌሎች 10 አሠርቶ ጨመረባቸው። እነዚያ 10 መርከቦች በንጉሥ ትእዛዝ መሠራታቸው የተጻፈላቸው የአክሱም ሐመሮች ናቸው፤ ማን እንደ ጸረባቸው ግን ገድሉ አልነገረንም።

በዚያው መቶ ዓመት የኖረው የቢዛንጥያ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ግን አንድ ትልቅ ነገር ነግሮናል። በሕንድና በዚሁ በቀይ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ቅጥራን እንደማይቀቡ፣ ሳንቃዎቻቸውም በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ እየታሰሩ እንደሚያያዙ ጽፏል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች በባሕሩ ውስጥ ብረትን የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ብለው ያወሩ ነበር፤ ፕሮኮፒዮስ ግን ብረት የበዛባቸው የሮም መርከቦች በዚያው ባሕር ያለ ጕዳት እንደሚመላለሱ በመጥቀስ ወሬውን አፈረሰው፤ በምትኩም ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፣ ከሮም ሰዎችም መግዛት አይፈቀድላቸውም የሚል ምክንያት ሰጠ።

የማግኔቱን ተረት ያፈረሰው ይህ ሊቅ የራሱን ምክንያት በዚያው ሚዛን ቢመዝነው ኖሮ መልካም ነበር። ከእርሱ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈው የወደቦች መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ለዝሆን አደንና ለጦርነት ለሚሆን ጦር መሥሪያ የሚውል ብረትን ይቈጥራልና፤ በስተ ደቡብ በአፍሪካ ጠረፍ የነበረችው ራፕታ የተባለች ገበያም ስሟን ያገኘችው ከተሰፉት ጀልባዎቿ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ መስፋቱ ከብረት እጦት ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ በሰፊ ባሕር ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ሕዝቦች የተካፈሉት ጥበብ ነበር። በምስማር የተቸነከረ ሳንቃ በአሸዋ ዳርቻ ሲጋጭ ይሰነጠቃል፤ በገመድ የተሰፋው ግን ጥቂት ይለጠጥና ምቱን በመላ አካሉ ተካፍሎ ይመለሳል።

ይህን ለመረዳት የቆቦ ሰው ባሕር ማየት አያስፈልገውም። ገበሬው ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው በብረት ሳይሆን ከበሬ ቆዳ በተቈረጠ ጠፍር፣ ማለት በምራን ነው። ማረሻው በመሬት ውስጥ የተሸሸገ ድንጋይ ወይም ሥር ሲመታ ምራኑ ጥቂት ይላላል፣ ሞፈሩም ሳይሰበር፣ የበሬውም ጫንቃ ሳይጐዳ ትልሙ ይቀጥላል። ማረሻው ራሱ ብረት ስለሆነ ገበሬው ብረት አጥቶ በጠፍር አሰረ የሚል አይገኝም፤ የሚለጠጥበትን ስፍራ ለጠፍር፣ የሚቈርጥበትን ስፍራ ለብረት የሰጠው አውቆ ነው።

ቃልና እጅ ሲገናኙ የጠፋ ንድፍ እንደሚነሣ በዘመናችን ታይቷል። በ1998 በአውሮጳውያን አቈጣጠር በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ፣ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ዕቃ ጭኖ የሰጠመ የ9ኛው መቶ ዓመት መርከብ ተገኘ፤ ሳንቃዎቹም የተሰፉ ነበሩ። ሊቃውንት የተረፈውን እንጨት ለክተው፣ መስፋት ገና ያልረሱ ጸራብያንን አሰባስበው በዖማን 18 ሜትር የሚረዝም አምሳያውን አሠሩ፤ ያም መርከብ በ2010 ከመስቀጥ ተነሥቶ በሸራ እስከ ሲንጋፖር ደረሰ። ከእንጨቱ የጐደለውን የመለሰው የሰፊዎቹ እጅ ነበር።

እጅ ያልተጠየቀበት ስፍራ ግን ምን እንደሚደርስበት የጣናችን ደንገል ይመሰክራል። የኖርዌይ ተወላጁ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር እንደሚችል ለማሳየት በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ባሠራ ጊዜ ደንገሉ የመጣው ከጣና ነበር፤ ንድፉ ከግብፅ መቃብር ሥዕሎች ተወሰደ፣ የሠሯትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ነበሩ። በሥዕሎቹ ላይ ወደ ውስጥ ከታጠፈው የጀልባው ጅራት ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል፤ ቅርጹን ለማስጠበቅ ብቻ የተደረገ መስሏቸው ተዉት። በባሕር ላይ የኋላው ክፍል እየዘቀጠ በሄደ ጊዜ ገመዱ እንደ ቀስት ጅማት ጅራቱን የሚያነሣ ዋና ምሥጢር እንደነበረ ታወቀ፤ ራም ከአሜሪካ ዳርቻ ሳትደርስ ተተወች። በማግሥቱ ዓመት እንደገና በኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው ሁለተኛዪቱ ራ ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

አንድ ገመድ መተው መርከብን ያሰጥማል፤ አንድ እጅ ሳይጠየቅ ማለፍም እንዲሁ የአንድን ጥበብ ንድፍ ያሰጥማል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርስን ያቈዩት መነኰሳት የቃልን ዋጋ ስላወቁ መጻሕፍትን በብራና አስጻፉ፤ የገዳሙ አባት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያና የናግራን ሰማዕታት መታሰቢያ በአንድ ቀን፣ ኅዳር 26፣ መዋሉም ሐይቅንና ዐፄ ካሌብ የተሻገረውን ባሕር በአንድ ስንክሳር ያገናኛቸዋል። ለብራና የተደረገው ትጋት ግን ለእጅ ሥራ አልተደረገም፤ የጣናን ታንኳ የሚያስሩት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ደንገሉን በየት እንደሚያጠብቁ፣ በየት እንደሚያላሉ፣ የራያ ገበሬም ምራኑን ስንት ዙር እንደሚጠመጥም በክንድና በቃል ሊለካና ሊጻፍ ይገባዋል።

በበልግ ማለዳ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ወደ እርሻው ሲወጣ ልጁ ከኋላው ይከተለዋል፤ አባት ምራኑን በውሃ አርሶ ያለሰልሳል፣ ይጠመጥማል፣ በጕልበቱ ገፍቶ ይስባል፣ ከዚያም ጫፉን ለልጁ ሰጥቶ «አንተ ጨርሰው» ይለዋል። የዐፄ ካሌብ ጸራብያንም ጥበባቸውን ለልጆቻቸው ያስተላለፉት በዚሁ መንገድ፣ የገመዱን ጫፍ በማቀበል ይመስለኛል።