ጠራዡና ጥራዙ

የብራና ጸሐፊ በየጥራዙ ነው የሚጽፈው፤ ጥራዞቹ ተሰፍተው መጽሐፍ የሚሆኑት ኋላ ነው። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ግን ለረጅም ጊዜ ሰፊ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ሠራው። ፋይሎቹ በድረ ገጽ ላይ በተርታ ይሰደራሉ፤ ተራው ከተዛባ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ዕቃ ማከማቻው ኤንፒኤም በ2010፣ ጠራዡ ዌብፓክ በ2012፣ ፈጣኑ ቪት በ2020 መጡ።

ወደ እኛ ልምጣ። ዊኪሚዲያ ምንጩን ክፍት አድርጎ የሚያሠራው ጄኪዌሪ አይኤምኢ የአማርኛ መተየቢያም አለው። ዋናው ፕሮግራም ግረንት በተባለ መሣሪያ ይጠረዛል፤ የየቋንቋው ሕግ ግን ለየብቻው ሆኖ ሲፈለግ ብቻ ይጫናል። ይህ ብልሃት ደስ ይለኛል። ሉማሜ ላይ ካርድ ሞልቶ ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው፣ ለአማርኛ ብሎ የሌላውን ሁሉ ቋንቋ ሸክም አይከፍልም።

ዋጋው የሚያርፈው በሠሪው ላይ ነው። አንዲት ፊደል ለማረም የተነሣ በጎ ፈቃደኛ፣ እርማቱን ለመፈተን መሣሪያውን ከነጓዙ ማውረድ ሊኖርበት ነው። ጓዙም ጣጣ አለው፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ብትነሳ፣ የስንቱ አገር ባለሙያ ሥራ ተስተጓጎለ!

ታዲያ ጥራዝ ይቅር? እኔስ አልልም፤ ለአንባቢው ይጠቅማልና። ግን ሕጉን በቀላሉ የሚያርሙበት በር ይተውልን። አለዚያ ፊደላችንን የሚያርመው፣ ቋንቋውን የሚያውቀው ሳይሆን ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ይሆናል።