ዶሮ ወጥ የበዓል ገበታ አለቃ መሆን ይገባዋልን?

በዓል ሲቃረብ ከየካ ሚካኤል እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ ገበያ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈር ሁሉ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም «ዶሮ ተገዛ ወይ?» የሚል ነው። በጉ ቢቀር «ዘንድሮ አልተመቸንም» ተብሎ ይታለፋል፤ የቅርጫው ሥጋ ቢቀር ጎረቤት ላያውቅ ይችላል፤ ዶሮው የቀረ እንደ ሆነ ግን እመቤቲቱ በሯን ገርበብ አድርጋ፣ ድስት የጣደች መስላ ትውላለች። ለዚህ ሲባል ብድር የሚገባ አለ። ለልጁ ደብተርና ጫማ ያኖረውን ገንዘብ አውጥቶ ለአውራ ዶሮ የሚከፍልም አለ። ስለ ምን ይህን ያህል ትጨነቃላችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ «ከጥንት ከአባቶቻችን የመጣ ነውና» የሚል ነው። ይህን መልስ ከታሪክ ፊት አቅርቤ፣ ዶሮ ወጥ የተቀመጠበት ወንበር በእውነት የሚገባው መሆን አለመሆኑን አብረን እንድንመረምር አሰብሁ። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን «ዓ.ም.» እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዶሮዋ እንናገር። ዶሮ የአገራችን ተወላጅ አይደለችም። የዘር ምንጭዋ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ዱሮ የጫካ ወፍ ነበረች። ቢሆንም ወደ እኛ የመጣችው እጅግ ቀድማ ነው። በትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር በተደረገው ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቶ ሲመረመር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚቈጠር መሆኑ ታውቋል። ይህም ማለት የአክሱም መንግሥት ከመቆሙ በፊት በአገራችን ጓሮ ዶሮ ትጭር ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በዶሮዋ በኩል «ከጥንት የመጣ» ያሉት አልተሳሳቱም።

ነገሩ የሚከብደው ወደ ወጡ ስንመለስ ነው። ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ ምን ይሆናል? የዛሬው በርበሬ የበቀለው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ምድር ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም፣ በአውሮፓም፣ በህንድም አንድ ዛላ በርበሬ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች በየወደቡ አዳረሱት። ወደ እኛ ተራሮች የወጣው በእነርሱ እጅም ይሁን በቀይ ባሕር ነጋዴዎች እጅ፣ ከዚያ መቶ ዓመት አስቀድሞ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ንጉሥ ላሊበላ ቀይ ዶሮ ወጥ አልቀመሱም። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም አልቀመሱም። በእነዚያ ነገሥታት ዘመን የነበረው ወጥ ለአሁኑ አልጫ የቀረበ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ይመሰክርልናል። ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ተክል ሕዝባችን «ባሕር» እያለ መጥራት ልማዱ ነው። በቆሎን የባሕር ማሽላ ያለ አገር አለ፤ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለነዋል። በርበሬን ግን ማንም የባሕር አላለውም። ጥንት በህንድ ንግድ የሚመጣውን የጥቁሩን ቅመም ስም ወስዶ ባለቤት ሆነና፣ የቀድሞው ባለ ስም «ቁንዶ» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት ቁንዶ በርበሬ ተባለ። እንግዳው የቤቱን ልጅ ስም ሲወርስ እንዲህ ነው። በእኔ አስተያየት አንድ እንግዳ ነገር ምን ያህል ፈጥኖ የቤት ልጅ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አሁን ጥቂት ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር። ፈረንጆች በበዓላቸው ቀን የሚያቀርቡት ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ የማን ነው ቢባል፣ እርሱም እንደ በርበሬያችን የሜክሲኮ ልጅ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ተወሰደ። ከየት እንደ መጣ በደንብ የሚያውቅ ባለመኖሩ እንግሊዞች የቱርክ አሉት፤ ቱርኮቹ ራሳቸው የህንድ ይሉታል፤ ፈረንሳዮችም እንዲሁ የህንድ፤ ፖርቱጋሎች ፔሩ ይሉታል። እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ እያመለከተ «የእርሱ ነው» ይላል። የገና ወፍ ሆኖ መሰየሙም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት የቆየ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የሎንዶን ድኻ ለገና የሚያስበው ስለ ዝይ ነበር። በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ በበዓሉ ዋዜማ ዝይ የሚገዙበት የዝይ ማኅበር ነበራቸው፤ የእኛን ዕቁብ ያስታውሳል። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ባሳተመው የገና ታሪኩ ውስጥ ድኻው ቤተ ሰብ ዝይ ሲያዘጋጅ፣ ተርኪውን የሚልክላቸው ሀብታሙ ሰው ነው። በአሜሪካም የምስጋና ቀናቸው የሚጠቀሰው ከ1621 ግብዣ ጀምሮ ሲሆን፣ በዚያ ግብዣ ላይ አምስት አጋዘንና ልዩ ልዩ የዱር አእዋፍ እንደ ነበሩ ተጽፏል፤ ተርኪው የበዓሉ አለቃ ነበር የሚል ግን የለም። ሣራ ሄል የተባለች የመጽሔት አዘጋጅ ለዓመታት ስትወተውት ቆይታ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 በዓሉን በአዋጅ ካጸኑት በኋላ ነው ወፉም ከበዓሉ ጋራ የጸናው።

እንግዲህ አስተውሉ። ከአንዲት ምድር ሁለት ነገር ወጣ። ፈረንጅ ወፉን ወሰደ፤ እኛ በርበሬውን ወሰድን። ሁለታችንም ዛሬ «የአባቶቻችን ነው» እንላለን።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። በዚያ ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከተማቸውን ሲቈረቍሩ ትልቁ የበዓል ምግብ ምን ነበር? ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የዘመኑ ታሪክ ውስጥ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ስላሰናዱት ግብር እናነባለን። ግብሩ ለቀናት የቆየ፣ የታረደው ከብት በሺሕ የሚቈጠር፣ ጠጁ እንደ ምንጭ የሚፈስ ነበር። የቤተ መንግሥት ግብር ምሰሶው በሬ ነው። ብርንዶው በተሸካሚ ትከሻ ሆኖ በመኳንንቱ መካከል ሲዞር ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ተገርመው ጽፈዋል። ከተራራው በታች በየካ ሜዳ ከብታቸውን ያሰማሩ ለነበሩት ለቱለማ ኦሮሞዎችም ቢሆን የበዓል ክብር በሬና ቅቤ ነበር፤ የካ የሚለው ስም ራሱ ከእነርሱ ጎሣ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ «ዶሮ የነገሥታት የበዓል ምግብ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ታሪክ አይደግፈውም። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሠራዊት በዶሮ አይጠግብም!

ይሁን እንጂ የበሬው ግብር ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ እንደ ነበረ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ሁሉ አጥለቀለቀ፤ የአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ ክፉ ቀን የተባለው ይኸው ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አገሩ በዚህ መከራ ውስጥ ነበር። በሬ አልቆ የሚታረስበት ሲጠፋ ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ የታወቀ ነው። በሬ ማረስ የሚችል ገንዘብ ነውና፣ በሬውን የበላ ገበሬ የመጪውን ዓመት እህል በላ ማለት ነው። ዶሮ ግን ሞፈር አትጎትትም። የወደቀ ጥሬ ለቅማ፣ ከምድጃው ዳር አድራ ታድጋለች፤ አንዲቱ ብትታረድ ሌላይቱ ታቅፋለች።

ከዚህ ላይ ነው እንግዲህ የዶሮ እውነተኛ ማዕርግ የሚገለጠው። በሬ ለመብላት አገር ያስፈልጋል፤ ካልሆነም ቅርጫ የሚገቡ ብዙ አባወራዎች ያስፈልጋሉ። በግ ለመብላት ደኅና ኪስና ብዙ በላተኛ ያስፈልጋል። ዶሮ ግን የአንድ ጎጆ ናት። ልኳ የአንድ ድስት፣ የአንድ ሞሰብ፣ የአንድ ምድጃ ነው። የቤተ መንግሥቱ በዓል በሬ ነበር፤ የጓዳው በዓል ዶሮ ሆነ። የጓዳውን ታሪክ ደግሞ ጸሐፊ ትእዛዝ አይጽፈውም።

አሠራሩን ተመልከቱ። የሚያርደው ወንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሴት ነው። በፈላ ውሃ ተነክራ ላባዋ ይነጫል፤ በእሳት ትለበለባለች፤ በጨውና በሎሚ እየታሸች ውሃው ጠል እስኪመስል ድረስ ትታጠባለች። ከዚያም መገነጣጠሉ ይመጣል፤ ታፋው፣ ቅልጥሙ፣ ክንፉ፣ መላላጫው፣ አንገቱ፣ ፈረሰኛው እያለ እስከ 12 ብልት ይወጣል። ሽማግሌዎች 12ቱን ከሐዋርያት ቍጥር ጋራ ያስተካክሉታል። እኔ ግን አጥንት ሳትሰብር በመገጣጠሚያው ላይ ብቻ የምትለይ ሴት የሰውነትን ሥራ የምታውቅ ባለሙያ ናት እላለሁ። ዱሮ ሙሽራይቱን አማት የምትፈትናት በዚህ ነበር። ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ፣ ያለ ጥድፊያ በጥቂት እሳት ይቁላላል፤ በርበሬው ይገባል፤ ጥቂት በጥቂት ውሃ ጠብ እየተደረገ ይበስላል፤ ከዚያ ቅቤው፣ ከዚያ ብልቶቹ በተራቸው፣ መጨረሻ እንቁላሉና መከለሻው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮረሪማው የራሳችን ደን ፍሬ ነው፤ ጤፉም የራሳችን ነው። እንግዲህ የእስያ ወፍ፣ የአሜሪካ በርበሬ፣ የኢትዮጵያ ቅመምና እንጀራ በአንድ ድስት ታርቀዋል። እሳቱም ቢሆን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከገባው ከአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባን ማገዶ ከማጣት ያዳናትና የእንጦጦን ተራራ ያለበሰው እርሱ ነውና።

ለፋሲካ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። 55 ቀን የጾመ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ በሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲቀመጥ፣ በጉ ገና በሕይወት አለ፤ የሚታረደው ሲነጋ ነው። የሚጠብቀው በቅዳም ስዑር ማታ የተሠራው ዶሮ ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ በሕማማት ሳምንት ግን ጾመኛው ነው ዶሮዋን የሚያልመው።

ይህን ስል ዶሮ ወጥ የመላዪቱ ኢትዮጵያ የበዓል አለቃ ነው ማለቴ አይደለም። ጉራጌ መስቀልን የሚያከብረው በክትፎና በቆጮ ነው፤ ወላይታ በጊፋታ ሥጋ ይከፋፈላል፤ እስላሙ ወገናችን ለዐረፋ በግ ያርዳል። ዶሮ መብላት ጨርሶ ነውር የነበረባቸው አገሮችም በደቡብ ነበሩ። የዶሮው አለቅነት በደጋው ክርስቲያን ጓዳ ተወልዶ በከተማ የሰፋ ነው።

ዛሬ በሾላ ገበያ ሁለት ዓይነት ዶሮ ይሸጣል። አንደኛው የሐበሻ ነው፤ ገብስማው፣ ቀዩ፣ እግሩ ረዘም ያለው፤ ዋጋው ሲጠራ ሰው ወደ ኋላ ይላል። ሁለተኛው የፈረንጅ ዶሮ የሚባለው ነው፤ በሳምንታት የሚደርስ፣ ሥጋው ለስላሳ። እመቤቶች ይህን ሁለተኛውን በረጅሙ ድስት ውስጥ ሲከቱት ከአጥንቱ ይለያያል፤ 12ቱ ብልት ድራሹ ይጠፋል። የተለመደው አሠራር የተሠራው ጓሮ ለጓሮ ሮጦ ለጠነከረ ሥጋ ነውና እንግዳው አይችለውም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በምስጋና ቀን ተርኪውን በበርበሬና በንጥር ቅቤ ሲቀቡት ሰምቻለሁ፤ አልነቅፋቸውም። በርበሬውና ተርኪው የቆዩ የአገር ልጆች ናቸውና ተገናኙ።

እንግዲህ ጥያቄውን ልመልስ። በጥንታዊነት ከሆነ ቀዩ ዶሮ ወጥ አምስት መቶ ዓመት አይሞላውም፤ በንጉሥ ግብር ከሆነም በሬው ይበልጠዋል። ነገር ግን የአንዲትን ጎጆ አቅም ያወቀ፣ የሴትን ሙያ ያከበረ በመሆኑ ወንበሩ ይገባዋል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከጎጆው አቅም በላይ ሆኖ ብድር ያስገባ ዕለት፣ ያን ወንበር ያሰጠው ምክንያት የለም ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቅዳም ስዑር ከየካ ተራራ ወደ ሾላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት አገኘሁ። ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ሰላምታ ሰጥቼ፣ «እናቴ፣ ለፋሲካ ዶሮ ገዙ?» አልኋቸው። የእርሳቸው ጭራሮ የስንት ቤት ዶሮ እንደሚያበስል እያሰብሁ ነበር የጠየቅሁት።

«አይ ልጄ» አሉኝ፤ «ሽንኩርቱን ከትፌ፣ በርበሬውን አቁላልቼ፣ አምስት እንቁላል እጨምርበታለሁ። ወጡ ያው ነው፤ የቀረችው ዶሮዋ ናት።»

ከዚያም ገመዳቸውን አጥብቀው ተነሡ፤ ገበያው ሳይበተን ለመድረስ ይቸኩሉ ነበር።